ላልቶ የሚነበብ ስም

የአገሩን ስም አልጠራም። ፈርቶ ነው የሚል ካለ ይሳሳታል፤ ብፈራ ኖሮ ከዚህ በታች የምተርከው ግማሹ አይደርስብኝም ነበር። የማልጠራው ስም መጥራት ምን እንደሚያስከትል በዚያው አገር ስለተማርኩ ነው።

በዚያ አገር ስልክ በቁጥር ብቻ አይጮኽም። ድሮ ይጮኽ ነበር፤ ነገር ግን ፍራሽ ሻጩም፣ ሳሙና ሻጩም፣ ዕጣ አዟሪውም እየደወለ ሰው ምሳውን በሰላም መብላት ስላቃተው፣ የስልክን ሥራ ጠቅልሎ የያዘው ጥሪ ቤት መላ ዘየደ። ደዋይ ቁጥሩን ከመታ በኋላ የሚፈልገውን ሰው ቁልምጫ ለመስመሩ መናገር አለበት። ካላወቀው መስመሩ ዝም ይላል። ካወቀው ስልኩ ይጮኻል፤ ባለቤቱም ሲያነሳው ከሁሉ በፊት የሚሰማው ያንኑ ቁልምጫ በደዋዩ ድምፅ ነው። ሕጉ ቁልምጫን ሲፈታ እንዲህ ይላል፦ «አንድን ሰው ሌላ አንድ ሰው ብቻ የሚጠራበት ስም።» የዚያን አገር ሕግ ሁሉ በየተራ ተችቻለሁ፤ ይህን አንቀጽ ግን ልተቸው ብዕር አንስቼ የምለው አጣሁ።

አገሩ በሙሉ ተሰለፈ። ዳኛው፣ አንጥረኛው፣ የጦር አለቃው፣ ሁሉም በተራው መስኮቱ ላይ ጎንበስ እያለ እናቱ ወይም ሚስቱ ወይም የሞተች እህቱ ብቻ ትጠራው የነበረውን ስም ለማያውቀው ጸሐፊ ሹክ አለ። ጸሐፊውም «አልተሰማም፤ ጮክ ይበሉ» ይል ነበር።

በአገሩ ማንም አቆላምጦት የማያውቅ ሰው ስንት እንደሆነ የታወቀው ያኔ ነው። ከተገመተው በላይ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ጋሽ ቢሻው የሚባል ሽማግሌ ከጥሪ ቤት በር ፊት ለፊት ጥላ ዘርግቶ ቁልምጫ ያወጣላቸው ጀመር። ደንበኛውን ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ያየዋል፤ አገጩን ያካል፤ ከዚያ «አንተ? አንተማ ሙዳዬ ነህ» ይለዋል። ሰውየው ገንዘቡን ይከፍላል። ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ዓይኑን ይጠርጋል። ሁለት ሜትር የሚሆን የእስር ቤት ዘበኛ እዚያ አጥር ሥር ሲነፋረቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኔን ቁልምጫ ከጋሽ ቢሻው አልገዛሁትም። እናኑ ናት ያወጣችልኝ።

እናኑ ሚስቴ ነበረች። ነበረች ስል ሞተች ማለቴ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። እኔ በዚያ ዘመን፣ እንደ ዛሬው ሁሉ፣ ሹማምንትን በጽሑፍ እሞግት ነበር። የዝናብ ሹሙ «በበጀት ዓመቱ ያዘነብኩት ዝናብ» ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብ አሥራ ሰባት ገጽ መልስ ሰጠሁት። የድልድይ ሹሙ ወንዝ በሌለበት ድልድይ ሠርቶ ወንዙን ከሌላ ወረዳ ለማዘዋወር ሲጠይቅ መልሴ ሃያ ስድስት ገጽ ነበር። ራት ይቀርባል። እናኑ ከበሩ ሥር ቆማ «ጨረስክ?» ትለኛለች። «ገና» እላለሁ። ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ታሞቀዋለች፤ እንደገና ትመጣለች። «ጨረስክ?» «ገና።» አንድ ቀን «አቶ ገና፣ ወጡ ሦስተኛ ጊዜ ሊሞቅ አሻፈረኝ ብሏል» አለችኝ። ሳቅሁ። እየቆየ አቶው ቀረ፤ ገና ብቻ ሆንኩ። ሲከፋኝም፣ ሲያመኝም፣ በሰው መሐል ስንሆን በጆሮዬም፣ ገና።

እንግዲህ ይህ ስም ላልቶ ነው የሚነበበው። «ገና ነኝ፣ አልደረስኩም» ስንል እንደምንለው። ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ይሆናል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፍም፤ መጥበቅና መላላት በአፍ የሚያዝ አደራ ነው። የጥሪ ቤት ጸሐፊም ሁለት ፊደል ብቻ ጻፈ፤ ገ እና ና፤ መስመሩም መጥበቅ መላላቱን አይለይም። ይህን ሁሉ እዚህ በግልጽ መጻፌ የሚያስገርመው ሰው ይኖራል። አያስገርመው። የጥሪ ቤት ሹማምንት እስከዚህ መስመር ድረስ እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ በኋላ ያቀረብኩትን ሠላሳ ሦስት ገጽ የካሳ ማመልከቻ ሲያነቡ «ጉዳዩ» ከሚለው መስመር አላለፉም።

እናኑ የሄደችው ስለ ድልድዩ ሁለተኛውን መልስ ስጽፍ ነው። ጓዟን ይዛ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ ጓዙን ያየሁት ግን በኋላ በሐሳቤ ነው። «ጨረስክ?» አለችኝ። ቀና ሳልል «ገና» አልኩ። ቀና ስል በሩ ገርበብ ብሏል። ከጽሑፌ ገጾች በአንዱ ጀርባ ላይ አንድ ቃል ጽፋ ነበር፦ «እደውላለሁ።»

ወደ እህቷ ዘንድ፣ ወደ ጨው አገር ሄደች። እዚያ በየቤቱ ስልክ የለም። ከጨው መጋዘኑ ደጅ አንድ የወል ስልክ ቆሟል፤ ከእሱ መደወል ይቻላል፤ ወደ እሱ መደወል አይቻልም። ደብዳቤ ጽፌላት ነበር። አርባ ገጽ ስለሆነ የድልድዩ ሹም ጉዳይ መስሏት ሳታነበው እንደቀረች እጠረጥራለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁ። በዘጠኝ ዓመት ስልኬ አንድ ጊዜም አልጮኸም። ያንን ስም ከእሷ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ ዝምታውም ቢሆን የእሷ ነበር። ሌላ ሰው ዝምታ ሲሰማ ምንም አይሰማም። እኔ እሷን እሰማ ነበር፤ ያልደወለች እናኑን።

ከዚያ ጥሪ ቤት መዝገቡን አሳደሰ። ቁልምጫዎቹ ሁሉ ወደ አዲስ መዝገብ ከተገለበጡ በኋላ አሮጌው «ይወገድ» ተብሎ ለመዝገብ ጠባቂው ተሰጠ። ጠባቂው ቆጣቢ ሰው ነበር፤ ንጹሕ ወረቀት ማቃጠል አንጀቱ አልቻለም። ለቆሎ ሻጮች ሰጣቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአገሩ ሕዝብ በገዛ ቁልምጫው ተጠቅልሎ የተሸጠለትን ቆሎ ቆረጠመ። ቆሎው ሲያልቅ ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ የቆየ ልማዳችን ነው።

ጥሪ ቤት በአራተኛው ወር መግለጫ ሰጠ። «የደንበኞቻችን ቁልምጫ አልወጣም። ከመዝገብ ወደ ሕዝብ ቀርቧል።»

ፍርድ ቤት ውስጥ አንድ ሌባ ቅጣቱ ሲነበብለት ዳኛውን «እሺ፣ ጭብጦዬ» አለው፤ ዳኛው ፍርዱን ሳይጨርስ መዝገቡን ዘግቶ ወጣ። የጦር አለቃው በሰልፍ መሐል «ቡሬ» ተብሎ ሲጠራ ሰልፉን ትቶ እንደ ሕፃን ወደ ኋላው ዞረ። ጎረቤቴ የሆነች አንዲት መበለት ደግሞ ስልኳ ጮኾ ስታነሳው የሞተው ባሏ ብቻ የሚጠራትን ስም ከሳሙና ሻጭ አፍ ሰማች። ሁለት ካርቶን ገዛች። በማግስቱ ሲደውል ሌላ ሁለት ገዛች። ቤቷ እስከ ጣሪያው ሳሙና ነው። ማንም አልሳቀባትም፤ ሊስቅ የሞከረ ነበር፣ ከእኔ ጋር ተጣላ።

የእኔ ስልክ የጮኸው ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ድምፅ ስለሆነ መጀመሪያ አላወቅሁትም። ሳውቀው በርጩማውን ገለበጥኩ፤ ጉልበቴ ተላጠ። አነሳሁት።

«ገና!» አለ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ናውን ጥብቅ አድርጎ፣ እንደ በዓሉ። «እንኳን ደስ አለዎት! የጥጥ ፍራሽ በሁለት ትራስ!»

ያልኩትን አልጽፈውም። ትምህርት ቤት ገብቻለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ስልኬ በቀን ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ይጮኽ ጀመር። ሁሉም አጥብቀው ይጠሩኛል፤ በበዓል ቀን የተወለድኩ መስሏቸዋል። እኔም አንዱን ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም። ሠላሳ አንደኛው እሷ ብትሆንስ? ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ሮጬ፣ ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ተሳድቤ፣ ሠላሳኛውን እንደ መጀመሪያው እሮጣለሁ። የወሰዱብኝ ይህን ነው። ዝምታዋን ወሰዱብኝ። ካሳ የምጠይቀው ለዚህ ነበር።

ጥሪ ቤት የካሳ ክፍል ከፈተ። ጋሽ ቢሻው ቁልምጫ መሸጡ ስላበቃ እዚያው ጥላ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኗል። ማመልከቻዬን ይዤ ሳልፍ ጠራኝ።

«ሊቁ! ና እስቲ፣ ልጻፍልህ።»

«ለእኔ? ጋሽ ቢሻው፣ ለእርስዎም የምጽፍልዎ እኔ ነኝ!»

«መጻፉንማ ትጽፋለህ። የሚያነበውን ከየት ታመጣለህ?» እጁን ዘርግቶ ወረቀቴን መዘነ። «ይኼ ማመልከቻ ነው ወይስ ቀሪ ሂሳብ ያለብህ ጠላትነት?»

«የተበደልኩትን ነው የጻፍኩት።»

«ካሳው ምን እንደሆነ ታውቃለህ ለመሆኑ?»

አላውቅም ነበር። ያላነበብኩት ነገር መኖሩ አበሸቀኝ። ጋሽ ቢሻው በአገጩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳየኝ። ካሳው አዲስ ቁልምጫ ነው ይላል፤ በኮሚቴ የተመረጠ። ተበዳዩ አዲሱን ሲቀበል አሮጌው ከመስመሩ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ በአሮጌው ስም የሚደውል ሰው መስመሩ ዝም ይለዋል። እስከ ጳጉሜን አምስት ያላመለከተም አሮጌው ይሰረዝበታል፤ በደስታ እንደተወው ይቆጠራል። ከታች በደቃቅ ፊደል «ጉዳዩ ያልተቋጨ መስመር እስኪቋጭ እንደነበረ ይቆያል» የሚል ነበረበት። ይህን አንብቤ አለፍኩት፤ በካሳ ክፍል ከአንድ ቀጠሮ የዘለቀ ጉዳይ ሰምቼ አላውቅም።

«ታዲያ ሲደውሉልን የኖሩት ሰዎች አዲሱን ስም ከየት ያውቁታል?» አልኩ።

«አያውቁትማ። ለዚህ እኮ ነው አስተማማኝ የሆነው» አለ ጋሽ ቢሻው፣ የማስታወቂያውን አነጋገር አስመስሎ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልሳኑ፣ የምትደውልልህ አለች እንዴ?»

«አለች።»

«መቼ ደውላ ታውቃለች?»

ማመልከቻዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ በሩ ዞርኩ። እሱም አልደገመውም። ከጥላው ሥር ወጥቶ እስከ በሩ ሸኘኝ፤ ሌላውን ደንበኛ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁትም።

የካሳ ጸሐፊዋ ወይዘሮ አመለወርቅ ይባላሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ትልቅ መዝገብ፣ ብርጭቆ ሻይና በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አለ። ወረቀቱን አየሁት። የመዝገብ ወረቀት ነው።

«ይዝገኑ» አሉኝ።

«የማን ስም ላይ እንዳለ ሳላውቅ አልዘግንም።»

ወረቀቱን ገለጥ አድርገው አዩና፣ «የአንድ የሞቱ ሰው ነው። ግድ የለም» አሉ። ብዕራቸውን አነሱ። «ስም?»

«ልሳኑ።»

«ቁልምጫ?»

«መዝገባችሁ ላይ አለ። ገበያውም ላይ አለ።»

«መዝገቡ ላይ ፊደሉ ነው ያለው፣ አቶ ልሳኑ። ብዙ ተበዳይ "አበላሽተው ጠሩኝ" ብሎ ስላማረረ አሠራራችን ተሻሽሏል። አሁን መጥበቅ መላላቱን ጭምር እንመዘግባለን። የሚጠብቅ ፊደል ከላዩ ሁለት ነጥብ ይደረግበታል። ልክ እንደሚጠሩዎት አድርገው አንዴ ይበሉልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ስሙ የእርስዎ መሆኑ ይረጋገጣል።»

«ከተረጋገጠስ?»

«ይሰረዛል። አዲሱን ይወስዳሉ።» አንድ ዝርዝር ገለጡ። «ለእርስዎ የደረሰው "ሸጋው" ነው። ጥሩ ነው። ከእርስዎ በፊት ለነበሩት "ዱባዬ" ነው የደረሳቸው።»

«ነጥብ የተደረገበት መዝገብ የት ይቀመጣል?»

«ከነበረበት።»

ይኸኔ ደሜ ፈላ። ተነሳሁ። አንባቢዬ ስቆጣ ምን እንደምመስል ባያየኝ ደስ ይለኛል፤ እጄ ይወናጨፋል፣ መነጽሬ ይወርዳል፣ ሻይ ይደፋል። የዚያን ቀንም ተደፋ። ስም የሰጠኋችሁ አደራ ብዬ ነው አልኩ። ፊደሉን ለቆሎ አድርጋችሁታል፤ አሁን ደግሞ በአፌ የቀረችኝን አንዲት መላላት ልትወስዱ ነው አልኩ። የተሰረቀ ሰው ሌባው የረሳውን አስታውሶ እንዲያስረክብ የሚጠየቅበት አገር የት አለ አልኩ። ካሳ ማለት የጎደለውን መሙላት ነው፤ እናንተ ግን የጎደለውን ከእነጎድጓዳው ትወስዱና በምትኩ ሸጋው ትላላችሁ አልኩ። ኮሚቴው ማነው እኔን የሚያቆላምጠኝ? ኮሚቴው ወጥ አሙቆልኛል? ኮሚቴው በሩ ሥር ቆሞ ያውቃል?

ወይዘሮ አመለወርቅ የፈሰሰውን ሻይ በሶፍት እየጠረጉ ሰሙኝ። አላቋረጡኝም። ትንፋሽ ልወስድ ዝም ስል፣ ቀና ሳይሉ፣ «የእኔም ወጥቷል» አሉ።

«ምን?»

«ቁልምጫዬ። በልኳንዳ ቤቱ ሳልፍ ሥጋ ሻጩ ይጠራኛል። መጀመሪያ ሰሞን ዞር እል ነበር።» ሶፍቱን ጣሉት። «አሁንም እዞራለሁ።»

የሚገባው ዝም ማለት ነበር። እኔ ግን እኔ ነኝና፣ ይኸው እርስዎም ተበድለው ሳለ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። የዝናብ ሹሙን አነሳሁ። የድልድዩን ሹም አነሳሁ። ስለ አደራ የተጻፈውን ሕግ በአንቀጽ በአንቀጽ ጠቀስኩ። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። አንዱ «አሁንስ ኮሚቴው ያሳዝናል» ሲል ሰማሁት። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ሴትዮዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሳይቆጡ፣ ሳያሾፉ፣ ምግብ አቅርቦ እንደሚጠብቅ ሰው በደከመ ድምፅ ጠየቁኝ፦

«ጨረሱ?»

«ገና» አልኩ።

ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ራሴ ተናገርኩት፣ ራሴ ሰማሁት፤ ላልቶ፣ እሷ እንደምትለው። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ በዚህ መልኩ ከሰው አፍ አልሰማሁትም ነበር፤ የሰማሁትም ከራሴ አፍ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ክርክር መሐል ላይ የተቀመጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወይዘሮ አመለወርቅ የጠየቁት ስለ ጉዳዩ ነውና ያልኩትን ጻፉ። መዝገቡ በመጨረሻው ዓምድ «የጉዳዩ ሁኔታ» የሚል አለው። እዚያ ገ ጻፉ፤ ና ጻፉ። ከዚያ ዓይናቸው በዚያው መስመር ወደ ኋላ ሄደ፤ «ቁልምጫ» በሚለው ዓምድ ቆመ። እዚያም ገ እና ና አሉ። አንዱን አዩ፤ ሌላውን አዩ። እኔን አዩኝ። ብዕሩ ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ነጥብ አላደረጉም። ይላላል ብለውም አልጻፉም። መዝገቡን ዘጉት።

«አልጨረሱም ማለት ነው» አሉ፣ ኮሪደሩ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ያልጨረሰ ሰው ጉዳዩ አይቋጭም። ያልተቋጨ ጉዳይ መስመሩ እንደነበረ ይቆያል። ለሐሙስ ይምጡ።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ እጠይቅዎታለሁ። እርስዎም ይመልሱልኛል።» ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «አሁን ይዝገኑ። ደክሞዎታል።»

ዘገንኩ።

ጳጉሜን አለፈ። የአገሩ ሰው ሁሉ አዲስ ቁልምጫ ተቀበለና ስልኮቹ ሁሉ ዝም አሉ። ማንም የማንንም አያውቅምና ማንም ለማንም አይደውልም። ጥሪ ቤት ይህን በዓመታዊ ሪፖርቱ «መቶ በመቶ የተጠበቀ መስመር» ብሎታል። መልስ እየጻፍኩበት ነው። መበለቷ ጎረቤቴ ሳሙናዋን አንድ በአንድ ትጨርሳለች፤ ስልኳ ከእንግዲህ አይጮኽም። በአገሩ የሚጮኽ ስልክ የቀረው የእኔ ብቻ ስለሆነ፣ ሻጮች ሁሉ ወደ እኔ ዞረዋል። በቀን ስልሳ ደርሰዋል።

አነሳለሁ። «ገና!» ይላሉ አጥብቀው። «ተሳስተዋል» እልና ቀስ አድርጌ አስቀምጣለሁ። መሳደብ ትቻለሁ፤ የተረጋጋሁ የሚመስለው ካለ ግን ይሳሳታል። ድምፄ ስድብ ሳይቀላቀልበት እንዲቆያት ነው። ከመጋዘኑ ደጅ ስትደውል ሰልፈኛ ከኋላዋ ይኖራል፤ ጊዜዋ አጭር ይሆናል። የምትጠይቀኝን አውቃለሁ። የምመልስላትንም ዘጠኝ ዓመት ተለማምጄዋለሁ፤ አንድ ቃል ነው፦ ጨረስኩ። ያን ቀን ወደ ወይዘሮ አመለወርቅ ሄጄ ጉዳዬን እዘጋለሁ፤ ሸጋውም ካሉኝ ሸጋው እባላለሁ።

እስከዚያው ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ። ይጠይቁኛል፤ እመልሳለሁ፤ ይጽፉታል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ያጉረመርማል። ስወጣ ጋሽ ቢሻው ከጥላው ሥር አንገቱን ያወጣል። ስለ ካሳው ጠይቆኝ አያውቅም።

«ደወለች፣ ልሳኑ?» ይለኛል።

የምመልስለትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ አንባቢዬ ግን አደራ፣ ላልቶ ይነበብልኝ፦

ገና።